ነጻ እና በነጻ
ስለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌርና ስለ ከፋዮቹ

(በደብረ ማርቆስ ለተሰበሰቡ የማኅበራችን አባላት የተነበበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ኦፕን ሶርስ ስለምንለው፣ እንዲሁም ይህን ሶፍትዌር በኅብረት በሚሠሩት ሰዎችና ገንዘብ በሚከፍሉት ኩባንያዎችና ድርጅቶች መካከል ስላለው ውጥረት ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሩቅ አገር ሰዎች ክርክር ይመስላል። ሆኖም በዚህ በጎጃም ደጋ፣ ከደጀን እስከ ማቻከል፣ ከስናን እስከ ደብረ ኤልያስ፣ ጤና ጣቢያዎች በየወሩ የሚያስተላልፉት ሪፖርት የሚጠናቀረው በእንዲህ ያለ ሶፍትዌር ስለሆነ ክርክሩ የእኛም ነው። ሶፍትዌሩን ማን እንደሚጽፈው፣ ጸሐፊውን ማን እንደሚቀልበው፣ ቀላቢው እጁን ሲሰበስብስ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ይገባናል።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ጌታ የሌለው» ለማለትና «ዋጋ የማይከፈልበት» ለማለት የሚያገለግለው ቃል አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት ካስታወቀ ወዲህ፣ ሐሳቡ ስለ ነጻነት እንጂ ስለ ዋጋ አለመሆኑን ሲያስረዳ ኖሯል። በእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱ ሐሳቦች በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ አንዱ «ነጻ» ነው፣ ሌላው «በነጻ» ነው። ነጻ ሰው ማለት ጌታ የሌለው ሰው ነው፤ በነጻ የሚሠራ ሰው ማለት ግን ደመወዝ የሌለው ሰው ነው። ስቶልማን ያስተማራቸው ነጻነቶች አራት ናቸው፤ ይኸውም ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ ኮዱን መመርመርና መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ መስጠት፣ የለወጡትንም ማካፈል ነው። ከአራቱ አንዱም ስለ ዋጋ አይናገርም። ስለሆነም ሶፍትዌሩ ነጻ ሆኖ ሠሪው ደመወዝተኛ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ሠሪው በነጻ እየደከመ የድካሙ ፍሬ የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጉዳይ በባልደረቦቻችን መካከል ሁለት አስተያየት ሲሰነዘር እሰማለሁ። የመጀመሪያው፣ የኅብረት ሥራ የፍቅር ሥራ ስለሆነ ገንዘብ ሲገባበት ይበላሻል፤ ኩባንያ የነካው ሁሉ የኩባንያ ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ባለቤት የለውም፤ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ስለማይገኝ መሥሪያ ቤት ሊተማመንበት አይገባም ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እኔ በበኩሌ የማምነው ግን ጥያቄው ገንዘብ ይግባ ወይስ አይግባ አለመሆኑን ነው። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ የገዛው ምንድን ነው፣ የተሠራውስ ነገር ተመልሶ የሚገባው ከማን ጎተራ ነው የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ሥራ የሚያሠራበት ወግ ከአንድ በላይ ነው። ደቦ ሲጠራ ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ጠሪው ምግቡንና ጠላውን ያዘጋጃል፤ የሥራው ሒሳብ ግን አይያዝም። ወንፈል ሲሆን ቀኑ ይቆጠራል፤ ዛሬ ያረስሁልህን ነገ ታርስልኛለህ ነው። ቅጥር ሲሆን ሠራተኛው ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ሦስቱም የተከበሩ ናቸው፤ አንድ ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስቱም ሊጠቀም ይችላል። የደቦ ጠሪ ጠላ ስላቀረበ ደቦው ተበላሸ የሚል ሰው የለም። ነውር የሚሆነው ደቦ ብሎ ጠርቶ ሰዉን እንደ ቅጥረኛ ማዘዝ፣ ወይም የራስን ካሳጨዱ በኋላ ከጎረቤት ማሳ መቅረት ነው።

የቅኔ ቤቶቻችንም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጡናል። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በዋሸራ የቆሎ ተማሪው ለሚቀበለው ዕውቀት ዋጋ አይከፍልም። ነገር ግን ዕውቀቱ በነጻ ይሰጣል ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ እንጀራውን የሚሰጠው ገበሬው ነው። የትምህርቱን ወጪ የቻለው መንደሩ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ገበሬው እንጀራ ስለሰጠ ቅኔው እንዲህ ይዘረፍ፣ እንዲህ ይፈታ ብሎ መምህሩን አያዝም። ከፋዩ ሥራውን ያኖረዋል፤ አይገዛውም። በሶፍትዌሩ ዓለምም የሚያስፈልገን ይኸው ልዩነት ነው።

ወደ ሰፊው ዓለም ብንመለከት በመጀመሪያ የምናገኘው ከፋይ በማጣት የደረሰውን ጉዳት ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው ሶፍትዌር በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚቆልፍ ሲሆን፣ ባንኮችም የንግድ ድርጅቶችም መንግሥታትም ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ በተገለጠ ጊዜ፣ ሙሉ ጊዜውን ለሥራው የሰጠው ሰው አንድ ብቻ እንደ ነበረና ፕሮጀክቱ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ ከ2,000 ዶላር ያህል እንደማይበልጥ ዓለም አወቀ። ያ ሁሉ ተጠቃሚ ከደቦው በልቶ የሄደ እንጂ ማጭድ ያነሣ አልነበረም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላም ትምህርቱ በሚገባ አለመያዙ ታየ። ኤክስዜድ የተባለችውንና የፋይልን መጠን የምታሳንሰውን ትንሽ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት የጠበቃት አንድ ሰው ነበር፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ይህ ሰው በደከመበት ሰዓት ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ረዳት ቀረበው። ከሁለት ዓመት በላይ እያገዘው አመኔታ ካገኘ በኋላ፣ በፕሮግራሟ ውስጥ የሌባ በር ከፈተ። ፕሮግራሟ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ስላለች አደጋው ቀላል አልነበረም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባላችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የሌባውን በር ያገኘው አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ደመወዝተኛ ነው። ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚደረገው ግንኙነት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ቢመረምር ነገሩ ተገለጠ። እንግዲህ ሸክሙ የከበደው ደመወዝ በሌለው ሰው ላይ ነበር፤ ሌባውን የያዘው ግን ደመወዝተኛው ነበር። ሁለቱ የሚፈላለጉ እንጂ የሚጠላሉ አይደሉም።

በሁለተኛ ደረጃ የምናገኘው ከፋዩ አንድ ብቻ በመሆኑ የደረሰውን ጉዳት ነው። ሴንቶስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በበጎ ፈቃደኞች ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሲሠራ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ዋና ዋና ሠሪዎቹን ቀጥሮ በክንፉ ሥር አስገባው። በ2019 አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዲሴምበር 2020 ደግሞ እስከ 2029 ይጠበቃል ተብሎ የነበረው ሴንቶስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ታወጀ። ውሳኔው በከፋዩ በኩል ሕጋዊ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን አቤት የሚሉበት ቦታ አልነበራቸውም። የኅብረቱ እጆች ሁሉ በአንድ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ ኅብረቱ በስም ይቀራል።

ይሁን እንጂ የዚህም ታሪክ ፍጻሜ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኮዱ ነጻ ስለነበረ ሌሎች ሰዎች ይዘውት ሄዱ፤ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የተባሉት በ2021 ወጡ። የፈቃዱ ጽሑፍ ከፋዩን አላስገደደም፤ ለተቀሩት ግን መውጫ በር ከፈተላቸው። ከዚህ ጋር የሊኑክስን ዋና አካል፣ ከርነል የሚባለውን፣ እናነጻጽር። ሊኑክስ ፋውንዴሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከሥራው ከ80 በመቶ በላይ የሚሠራው ደመወዝ በሚከፈላቸው ሰዎች ነው። ከፋዮቹ ግን በመቶ የሚቆጠሩ፣ በገበያም እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ስለሆኑ አንዱ ቢሄድ ሥራው አይቆምም፤ አንዱ ቢያዝም ሌሎቹ አይታዘዙም። የደመወዙ መኖር ለሁለቱም አንድ ነው፤ የለያያቸው የከፋዮቹ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የአፓርታይድ አገዛዝ ሲያበቃ በየዘሩ ተከፋፍሎ የነበረውን የጤና አስተዳደር መረጃ አንድ ለማድረግ ከተጀመረ ሥራ የመነጨ ነው። ዛሬ ዋናውን ኮድ የሚመራው የኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦስሎ ጋር በዚህ መስክ መተባበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴርም በ2010 ዓ.ም. ገደማ አገር አቀፉን የጤና ሪፖርት በዚሁ ላይ አደረገው። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ የሚገኘውም በነጻ ነው። በነጻ ግን አልተሠራም። የኖርዌይ የልማት ድርጅት ኖራድ፣ ግሎባል ፈንድ፣ እንዲሁም ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤድስ መርሐ ግብር ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሲያወጡ ከነበሩት መካከል ናቸው።

ከፋዮቹ እነዚህ ሲሆኑ የእኛ ጉዳይ ከየት ይገባል? አንዲት ምሳሌ እወስዳለሁ፤ እርሷም ጳጉሜ ናት። አንድ ሕፃን ጳጉሜ 3 ቀን በጎዛምን ወረዳ ቢወለድ፣ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ልደቱን የሚጽፍበት ስፍራ የለውም። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። አዲስ ዓመታችንም ሁልጊዜ በሴፕቴምበር 11 አይውልም፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም በየአራት ዓመቱ ከመስከረም እስከ የካቲት የአንድ ቀን ስሕተት ይሠራል። የክትባት ቀጠሮና የእርግዝና ክትትል በቀን ቆጠራ የሚመራ ስለሆነ፣ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለዚህች ለ13ኛዋ ወር የከፈለው ማን ነው? ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 8ኛ እትሙ ለቀን አቆጣጠር አዲስ ክፍል ሲጨምር የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር አስገባ፤ የእኛን አላስገባም። የእኛው የሚገኘው ስቲቨን ኮልበርን የተባለ ባለሙያ በጀመረው በጆዳ ታይምና፣ ከዋናው ክፍል ውጭ በቀረው በስሪቴን ኤክስትራ ውስጥ ነው። የዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያም የተመሠረተው በጆዳ ታይም ላይ ነው። ገበያው ያልፈለጋትን ጳጉሜን በጎ ፈቃደኞች ተሸከሟት ማለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1999 ለሁሉም ክፍት ያደረገውና በ2016 ወደ ዩኒኮድ ኮንሶርቲየም የተዛወረው አይሲዩ የተባለው የኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይዟል። በላዩ የደከሙት ብዙዎቹ ደመወዝተኞች ነበሩ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ሁልጊዜ ወዳጅ፣ ኩባንያው ሁልጊዜ ባላንጣ ነው ማለት አንችልም። ሁለቱም የሠሩት ከጋራው ጎተራ ስለገባ ዛሬ እንጠቀምበታለን። በዚህ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም የማይታየው የእኛ የራሳችን እጅ ነው።

የዚህም ጉድለት ዋጋው በቅርቡ ታየ። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ ዩኤስኤአይዲ የተባለው ድርጅቱም በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን ሥራውን አቆመ። በአገራችን በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ የብዙ ጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ልብ በሉ፤ የሶፍትዌሩ ፈቃድ አልተነካም፤ ኮዱም ዛሬ እንደ ትናንቱ ክፍት ነው። ነገር ግን ኮዱን የሚያነብ፣ ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ አዲሱን እትም የሚሞክር ሰው በፕሮጀክት ገንዘብ መጥቶ በፕሮጀክቱ ማብቂያ የሚሄድ ከሆነ፣ ክፍት የሆነው ኮድ ለእኛ የተዘጋ መጽሐፍ ነው። ፈቃዱ መብት ይሰጣል፤ ችሎታ ግን አይሰጥም። ሴንቶስ ሲቆም አልማና ሮኪ የተነሡት መብቱ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በመረብ የሚሠራ ማንኛውም ሥርዓት ምን እንደሚገጥመው እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ያለ መረብ መመዝገብ፣ የተመዘገበውን ሳይጠፋ ማቆየት፣ መረቡ ሲመለስም ሳይደራረብ ማስተላለፍ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። በኦስሎ የሚቀመጥ ፕሮግራም ጻፊ ይህን በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ከፋዩም ከራሱ ሪፖርት በላይ ላያስብ ይችላል። ችግሩን አጥርቶ ጽፎ ማቅረብ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ባለቤቱም እኛ ነን።

እንግዲህ ማኅበራችን ሊያስብባቸው ይገባል የምላቸውን አራት ነገሮች ላቅርብ።

አንደኛ፣ የውሉ ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን በመንግሥት በጀትም ሆነ በእርዳታ ገንዘብ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ሲያሻሽሉ፣ የተሻሻለው ኮድ ወደ ጋራው ምንጭ እንዲመለስ፣ መመሪያውም በአማርኛ እንዲጻፍ፣ ሥራውን የተረከቡ ቢያንስ ሁለት ቋሚ ሠራተኞች እንዲኖሩ ውሉ ያስገድድ። ለአንድ ቢሮ ብቻ ተሠርቶ በዚያው የቀረ ማሻሻያ፣ ዋናው ሶፍትዌር አዲስ እትም ሲያወጣ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠግነው አይገኝም።

ሁለተኛ፣ የከፋዩ ማንነት በግልጽ ይታወቅ። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የማን ደመወዝተኛ እንደሆነ ይናገር፤ ሥራው ግን እንደ በጎ ፈቃደኛው ሥራ በተመሳሳይ ሚዛን ይመርመር። ገንዘብ ሰጪው የሚፈልገውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሌሎች የሚፈልጉት እንዳይሠራ ግን ሊከለክል አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የደብረ ማርቆስን ጨምሮ የተማሪዎቻቸውን የመመረቂያ ሥራ በዚህ በኩል ቢያሠማሩ ይበጃል። ከመደርደሪያ ላይ የሚቀር አዲስ ፕሮግራም ከመጻፍ፣ በጋራው ኮድ ውስጥ ያለ አንድ የታወቀ ስሕተት ማረም፣ ወይም አንድ ገጽ ወደ አማርኛ መመለስ የበለጠ ያስተምራል። ተማሪው ሥራው በማያውቃቸው ባለሙያዎች ሲመረመር፣ ሲመለስበት፣ በመጨረሻም ተቀባይነት ሲያገኝ የሚያየውን በክፍል ውስጥ ሊያገኘው አይችልም።

አራተኛ፣ ከፋዮቹ ብዙ ይሁኑ፤ ከእነርሱም አንዱ እኛ እንሁን። እድር የሚጸናው አንድ ባለጸጋ ስለሚከፍል ሳይሆን ሁሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስለሚያዋጣ ነው። መዋጮው ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል። የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የሥራ ሰዓት፣ የተጣራ የስሕተት ሪፖርት፣ የአዲስ እትም ሙከራ የተከበረ መዋጮ ነው። ወንፈል ማለት ይኸው ነው፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። ተራው ሲደርስ የማይገኝ ሰው ግን ሲያጭዱለት ቢኖርም ሲያጭዱ አማካሪ አይሆንም፤ የሚዘራውም የሚታጨደውም በሌላው ፈቃድ ነው።

ይህን ስል የሚነሣውን መቃወሚያ አልዘነጋም። የወረዳ የመረጃ ባለሙያ ደመወዙ ኑሮውን በማይሸፍንበት ጊዜ፣ ለዓለም በነጻ ሥራ ማለት ግፍ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ የምጠይቀውም ያንን አይደለም። የኮዱ ነጻነት የሠራተኛው በነጻ መሥራት ማለት እንዳልሆነ ከመነሻዬ ተናግሬአለሁ። የምጠይቀው መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ሥራ ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አግብተው፣ ሰዓት መድበው፣ ደመወዝ እየከፈሉ እንዲያሠሩት ነው። የባለሙያው ትርፍ ሰዓት የቤተሰቡ ነው።

ጊዜውም ቀጠሮ ሰጥቶናል። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜ በዚያ ዓመት 6 ቀን ይኖራታል፤ ተከታዩም አዲስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2027 ሴፕቴምበር 12 ቀን ይውላል። በየመሥሪያ ቤታችን ያሉት የመረጃ ሥርዓቶች ያችን ቀን በትክክል መቁጠራቸውን ለማረጋገጥ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም። የሙከራ ኮምፒዩተር፣ ጥቂት የሥራ ቀናትና የተገኘውን ስሕተት አጥርቶ ለጋራው ምንጭ የሚልክ ሰው ይበቃል። ከዚህ ስብሰባ ስንለያይ ይህን ሥራ የሚረከብ ቡድን ቢመረጥ፣ ከጋራው ማሳ ላይ የእኛም ማጭድ መዋል ይጀምራል።